‹‹ቅጣት የለውም›› የተባለው ቲኬት

አትላንታ ውስጥ ወደ አገር ቤት ለመሄድ ቲኬት የሚገዛ ሐበሻ ሁሉ ዋጋውን ከሰማ በኋላ የሚጠይቃት አንዲት ጥያቄ አለች። ‹‹ቀን መቀየር ይቻላል ወይ?›› ይላል። ሻጩም ‹‹ይቻላል፣ ቅጣትም የለውም›› ይለዋል። ገዢው ደስ ብሎት ካርዱን ያወጣል። ሻጩ አልዋሸም። ችግሩ መልሱ ግማሽ መሆኑ ነው። ሙሉው መልስ ‹‹ቅጣት የለውም፤ የዋጋ ልዩነት ካለ ግን ይከፍላሉ›› የሚል ነው። ሰውን አዲስ አበባ ላይ ስልክ ይዞ የምታስለቅሰው ይህች ሁለተኛዋ ሐረግ ናት።

እኔ የጉዞ ወኪል አይደለሁም። አገር ቤት ጋዜጠኛ ነበርኩ፤ ከአገር ከወጣሁ በኋላም ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ተምሬአለሁ። በዚህም የተነሳ የኢንሹራንስ ወረቀት፣ የፍርድ ቤት ደብዳቤ፣ እንግሊዝኛው የጠጠረ ውል ሲመጣ ‹‹እስቲ አንብብልን›› ከሚባሉት ሰዎች አንዱ ሆኛለሁ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ከሁሉ ይልቅ የሚመጣልኝ ወረቀት የአውሮፕላን ቲኬት ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ ወደድሁ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የአንዲት እህታችንን ጉዳይ ላንሳ። ክላርክስተን ትኖራለች፤ በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። በዲሴምበር አጋማሽ እናቷን ለማየት ሄደች። የደርሶ መልሱ ቲኬት 1,280 ዶላር ፈጅቷል፤ የመመለሻው ቀን ገና በዋለ በሁለተኛው ቀን ነው። የመመለሻዋ ሰሞን እናቷ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ሁለት ሳምንት ልጨምር ብላ ደወለች። የስልኩ ሰው በትሕትና ‹‹ቅጣት የለብዎትም፤ ልዩነቱ ብቻ 640 ዶላር ነው›› አላት። ማታውኑ ለእኔ ደወለች። ‹‹ወንድሜ፣ የቲኬቱን ግማሽ ክፈይ ማለት ቅጣት ካልሆነ ቅጣት ምንድን ነው?›› አለችኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። መልሱን ለማግኘት ግን ቅጣትና ልዩነት የሚባሉትን ሁለት ነገሮች መለየት ያሻል።

ቅጣት ሌላ፣ ልዩነት ሌላ

ቀን ስንቀይር ሦስት ዓይነት ሒሳብ ሊመጣብን ይችላል። አንደኛው የመቀየሪያ ክፍያ ነው፤ እኛ ‹‹ቅጣት›› የምንለው። ይህ በቲኬቱ ደንብ ላይ አስቀድሞ የተጻፈ፣ ቁርጡ የታወቀ ገንዘብ ነው። ሁለተኛው የዋጋ ልዩነት ነው። በያዝነው ቲኬት ዋጋና ልንሄድበት በፈለግነው አዲስ ቀን ባለው ዋጋ መካከል ያለው ክፍተት ማለት ነው። ይህ ቁርጥ የለውም፤ ዜሮም ሊሆን ይችላል፣ ሺህ ዶላርም ሊደርስ ይችላል። ሦስተኛው ቲኬቱን የሸጠልን ወኪል ለአገልግሎቱ የሚያስከፍለው ነው።

ለፋሲካ የተገዛ ነጠላ ልንለውጥ ሄድን እንበል። ባለሱቁ ‹‹ለመለወጥ አላስከፍልም›› ቢል እውነቱን ነው። የመረጥነው ሁለተኛው ነጠላ ጥለቱ የተሻለ፣ ዋጋውም 50 ዶላር የሚበልጥ ከሆነ ግን ሃምሳዋን ጨምሩ ማለቱ አይቀርም። ይህን ማንም ቅጣት አይለውም። የአውሮፕላኑም ነገር በመሠረቱ ይኸው ነው። የሚለየው አንድ ነገር ነው፤ የነጠላው ዋጋ ፊት ለፊት ተሰቅሎ ይታያል፤ የወንበሩ ዋጋ ግን በየቀኑ፣ አንዳንዴም በየሰዓቱ ይለዋወጣል፤ ለምን እንደተለወጠም ለገዢው የሚነግረው የለም።

ነገሩ ከየት መጣ?

የነገሩ መነሻ ውስጥ የጆርጂያው ተወላጅ ጂሚ ካርተር አሉበት። ከ1938 ጀምሮ በዚህ አገር ውስጥ የሚበሩ አውሮፕላኖችን ዋጋ የሚወስነው ሲቪል ኤሮናቲክስ ቦርድ የሚባል የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበር። ፕሬዚዳንት ካርተር ኦክቶበር 24 ቀን 1978 በፈረሙት ሕግ ዋጋ መተመኑ ለአየር መንገዶቹ ለራሳቸው ተለቀቀ። ቦርዱም በ1984 መጨረሻ ተዘጋ። ዋጋ ረከሰ፣ ተጓዡም በዛ።

ዋጋ ሲለቀቅ ብልኃት ተወለደ። በ1985 በሮበርት ክራንዳል የሚመራው አሜሪካን አየር መንገድ፣ ፒፕል ኤክስፕረስ ከሚባል እጅግ ርካሽ ተወዳዳሪ ጋር ትግል ገጥሞ ነበር። ዘዴው ቀላል ነበር። ሁሉንም ወንበር ከማርከስ ይልቅ፣ ኮምፒዩተር ተጠቅሞ የተወሰኑትን ወንበሮች ብቻ ቀደም ብሎ ለሚገዛና ገደብ ለሚቀበል ሰው በርካሽ ሸጠ። የቀሩትን ደግሞ ዘግይቶ ለሚመጣና መሄድ ግድ ለሆነበት ሰው በውድ ዋጋ አቆያቸው። ፒፕል ኤክስፕረስ በ1987 በኮንቲኔንታል ተጠቃሎ ስሙ ጠፋ። ዘዴው ግን ዓለምን አዳረሰ። ዛሬ ከአትላንታ አዲስ አበባ አብረውን የሚቀመጡት ሰው እኛ ከከፈልነው እጥፍ ከፍለው፣ ያንኑ እንጀራ በወጥ አብረውን የሚበሉበት ምክንያት ይህ ነው።

ከዚያ የኮቪድ ዘመን መጣ። እስከዚያ ድረስ ትልልቆቹ የአሜሪካ አየር መንገዶች ለአገር ውስጥ በረራ እንኳ ቀን ለመቀየር 200 ዶላር ይጠይቁ ነበር። ኦገስት 30 ቀን 2020 ዩናይትድ፣ በማግሥቱም መቀመጫውን እዚሁ አትላንታ ያደረገው ዴልታና አሜሪካን፣ ከመጨረሻው ርካሽ ቲኬት በቀር ለአገር ውስጥ ጉዞ ይህን ክፍያ ማንሳታቸውን አስታወቁ። ዴልታ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ከሰሜን አሜሪካ ለሚነሳ የውጭ አገር ጉዞም አንስቶታል። ‹‹ቅጣት ቀረ›› ተብሎ ተወራ። የተወራው እውነት ነው። የዋጋ ልዩነት ግን አንድም ቀን አልቀረም። እንዲያውም ቅጣቱ ስለጠፋ ከፊታችን የሚታየው ልዩነቱ ብቻ ሆነ።

ፊደሎቹ

ቲኬታችሁን አውጡና ተመልከቱ። ከበረራው ቁጥር አጠገብ አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል አለች። እሷ ‹‹ክላስ›› ትባላለች። ‹‹ኢኮኖሚ›› ማለት አንድ ክፍል ይምሰለን እንጂ በውስጡ አሥርና ከዚያም በላይ ፊደላት ሊኖሩት ይችላሉ። ብዙ ጊዜ ‹‹ዋይ›› ሙሉ ዋጋ የሚከፈልበት ነው። ከሱ በታች ‹‹ቢ››፣ ‹‹ኤም››፣ ‹‹ኤች››፣ ‹‹ኪው››፣ ‹‹ኤል›› እያለ ይወርዳል፤ ቅደም ተከተሉ ከአየር መንገድ አየር መንገድ ይለያያል። ወንበሩ ያው ወንበር፣ ምግቡም ያው ምግብ ነው። የሚለየው ዋጋውና ደንቡ ነው።

አየር መንገዱ ለእያንዳንዱ በረራ ‹‹በዚህ ፊደል ይህን ያህል ወንበር ብቻ ሽጥ›› ብሎ ለኮምፒዩተሩ ያዘዋል። ርካሾቹ ፊደላት ቀድመው ይሸጣሉ፣ ቀድመውም ይዘጋሉ። እንግዲህ የእህታችን ቲኬት በርካሽ ፊደል የተቆረጠ ነበር። የፈለገችው አዲስ ቀን ቅዳሜ ነው፤ ከበዓል የሚመለሰው ሰው ሁሉ የሚፈልገው ቀን። በዚያ ቅዳሜ የእሷ ፊደል ተዘግቷል፤ ቀጥሎ ያለውም፣ ከሱ ቀጥሎ ያለውም ተዘግቷል። ክፍት ሆኖ የተገኘው አራት ደረጃ ወደ ላይ ነው። 640 ዶላሩ የዚያ የአራት ደረጃ መውጫ ነበር።

ታዲያ እንደገና ደወልንና ጥያቄውን ለወጥነው። ‹‹በዚህ ቀን ቦታ አለ ወይ?›› ማለታችንን ትተን ‹‹ከዛሬ ጀምሮ እስከ ወሩ መጨረሻ በእኔ ክላስ ቦታ ያለበት ቀን የትኛው ነው?›› አልን። ሴትዮዋ ጥቂት ፈልጋ ካሰበችው ቀን በአራት ቀን ዘግይቶ አንድ ረቡዕ አገኘች። ልዩነቱም ወደ 70 ዶላር ወረደ። አራት ቀን ከሥራ መቅረትም ዋጋ አለው፤ ግን ምርጫው በእጇ ገባ። የስልክ ሠራተኛ የምንጠይቀውን ይመልሳል እንጂ ያልጠየቅነውን ፈልጎ አይነግረንም። ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህች ጥያቄ አትረሳ።

ከመነሳት በፊትና በኋላ

ሁለተኛ መታወቅ ያለበት ነገር የምንቀይርበት ጊዜ ነው። በብዙ ደንቦች፣ ከአትላንታ ሳንነሳ ቀን ከቀየርን ቲኬቱ በሙሉ፣ መሄጃውም መመለሻውም፣ በዕለቱ ዋጋ እንደገና ሊሰላ ይችላል። መመለሻውን ብቻ ነው የነካሁት ብንልም መሄጃው አብሮ ሊወደድ ይችላል ማለት ነው። ጉዞው ከተጀመረ በኋላ ግን የተበረረው ግማሽ ብዙ ጊዜ በነበረው ዋጋ ይቆያል፤ የሚሰላው የቀረው ነው። ስለዚህ መሄጃችን የማይለወጥ ከሆነ መመለሻውን አሁን መቀየር ወይስ እዚያ ደርሶ መቀየር ይሻላል ብሎ ሁለቱንም ማስላት አይከፋም። በዚህ መሐል ግን ርካሹ ፊደል ሊዘጋ እንደሚችል አትርሱ።

ሦስተኛው ወጥመድ የቆይታ ገደብ ነው። ርካሽ ቲኬት ብዙ ጊዜ ‹‹ከዚህ ቀን ያላነሰ፣ ከዚህ ወር ያልበለጠ›› የሚል ደንብ አለው። የአንድ ወር ገደብ ያለበትን ቲኬት ይዞ ሄዶ ስድስት ሳምንት ልቆይ ያለ ሰው፣ ፊደሉ ክፍት ቢሆንም ዋጋው አይሰራለትም፤ ወደ ሦስት ወሩ ዋጋ ይወጣል። ‹‹ከጉዞው 21 ቀን በፊት የተገዛ›› የሚል ደንብም አለ። ነገ ልመለስ ላለ ሰው ያ ዋጋ ሊታሰብለት አይችል ይሆናል።

አራተኛው ከሁሉ የሚከፋው ነው። ሳይነግሩ መቅረት። የማንሄድ መሆናችንን ካወቅን፣ አዲሱን ቀን ገና ባንቆርጥም፣ አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት ደውለን ቦታውን መሰረዝ አለብን። ቦታው ይሰረዛል፣ ቲኬቱ ግን ይቆያል። ዝም ብለን ከቀረን ብዙ አየር መንገዶች የቀረውን ጉዞ በሙሉ ይሰርዙታል፤ ወይ ገንዘቡ ይቃጠላል፣ ወይም ‹‹ቅጣት የለውም›› በተባለው ቲኬት ላይ እውነተኛ ቅጣት ይመጣል። ለአምስት ደቂቃ ስልክ ሰንፈው አንድ ሺህ ዶላር ያጡ ሰዎች አውቃለሁ።

የእኛ የአትላንታ ነገር

ብዙዎቻችን አትላንታን በ1996 ኦሎምፒክ እናስባታለን፤ ፋጡማ ሮባ በማራቶን፣ ኃይሌ ገብረሥላሴ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኙባት ከተማ ናት። ለመንገደኛ ደግሞ ሌላ ቀን አላት። ሜይ 16 ቀን 2023 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሃርትስፊልድ ጃክሰን መብረር የጀመረበት ቀን። ከዚያ በፊት ወይ ዋሽንግተን ዳላስ ድረስ በሌላ አውሮፕላን እንሄድ ነበር፣ ወይ በአውሮፓ፣ በኢስታንቡል ወይም በዶሃ እንዞር ነበር።

በረራው ሲጀመር በሳምንት አራት ቀን ነበር። ይህ ለቀን መቀየር ትርጉም አለው። በየቀኑ የማይበር መሥመር ላይ ቀን መቀየር ማለት ቀጥሎ ባለው በረራ ላይ ከሌሎች ቀን ቀያሪዎች ጋር መጋፋት ነው። በዚያ ቀን በረራ ከሌለ ‹‹በዋሽንግተን በኩል ላድርግልዎት›› ይባላል፤ መሥመሩ ሲለወጥ ዋጋውም ይለወጣል። ዋሽንግተን ድረስ ያለውን ለብቻው በሌላ አየር መንገድ የገዛ ሰው ደግሞ ሁለት ቲኬት፣ ሁለት ደንብ፣ ሁለት ልዩነት አለበት። አንዱ ሲለወጥ ሌላው አብሮ አይለወጥም።

ወቅቱም የራሱ ነገር አለው። ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ገና ማግሥት ድረስ ዋጋ ሰማይ ይነካል፤ ጥምቀትን ውሎ ለመመለስ የሚፈልገውም ብዙ ነው። በበጋው ደግሞ አትላንታ ከሌላው አሜሪካ ትለያለች። በዲካልብና በአካባቢው ካውንቲዎች ትምህርት ቤት በሜይ መጨረሻ ይዘጋል፣ በኦገስት መጀመሪያ ይከፈታል። ስለዚህ የጁላይን የመጨረሻ ሳምንት የማይፈልግ የአትላንታ ወላጅ የለም። መመለሻውን ከጁላይ አጋማሽ ወደ መጨረሻው ሳምንት ለመግፋት የሚያስብ ቤተሰብ አምስት ሰው ከሆነ፣ ልዩነቱ በአምስት ተባዝቶ እንደሚመጣ ይወቅ። በዚያ ላይ አምስት ወንበር በአንድ ርካሽ ፊደል ማግኘት አንድ ወንበር ከማግኘት በጣም ይከብዳል። አብረው ከተፈለጉ ኮምፒዩተሩ አምስቱንም ወደ ውዱ ፊደል ሊያወጣቸው ይችላል። ‹‹ሦስቱን ለብቻ፣ ሁለቱን ለብቻ አስላልኝ›› ማለት አንዳንዴ ገንዘብ ያድናል።

ለቅሶ፣ ተዝካርና ቲኬት

የእኛ ሰው ቀን የሚቀይረው ለመዝናናት አይደለም። አባት ታሞ ነው፣ እናት ወድቃ ነው፣ የርስት ጉዳይ ቀበሌ አላልቅ ብሎ ነው፣ ወይ ለቅሶ ነው። ለፈረንጁ ቀን መቀየር የዕረፍት ማራዘሚያ ሊሆን ይችላል፤ ለኛ ግን ብዙ ጊዜ የመጨረሻ ስንብት ነው።

መርዶ በማለዳ ይነገራል። ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ በር ያንኳኳል፤ ያኔ ሁሉም ነገር ይደፈራረሳል። ኀዘንተኛው ያንኑ ሰዓት ልብረር ይላል። ያን ሰዓት የሚገኘው ወንበር ደግሞ ለመሄድ ግድ ለሆነበት ሰው በውድ ዋጋ የቆየው ወንበር ነው። አገር ቤት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሬሳ አያሳድርም ማለት ይቻላል፤ ከአትላንታ የተነሳ ልጅ ለቀብር የሚደርስበት ጊዜ ጥቂት ነው። ይህን ስል ኀዘንን በዶላር መለካቴ አይደለም። ቶሎ ደርሶ እናቱን ማቀፍ ያለበት ልጅ ቶሎ ይሂድ። ነገር ግን ቀብሩ ካለፈ፣ ለአርባው ወይም ለሰማንያው ለመድረስ የሚያስብ ሰው ጊዜ አለው። ያ ጊዜ ርካሹ ፊደል ክፍት የሆነበትን ቀን ለመምረጥ ይበቃዋል።

ለእድሮቻችንም አንድ ሐሳብ አለኝ። ገንዘብ ማዋጣቱን ተክነውበታል። ከሚያዋጡት ጋር ግን አንድ ሰው ይመድቡ፤ ሥራው ስልክ ይዞ ከአየር መንገዱ ጋር መነጋገር ብቻ ይሁን። እንባው ያልደረቀ ሰው ስለ ክላስና ስለ ደንብ መጠየቅ አይችልም፤ የተባለውን ይከፍላል። አንዳንድ አየር መንገዶች በስልክ ለጠየቀ ሰው የኀዘን ዋጋ አላቸው። ሌሎች የሞት የምስክር ወረቀት ሲቀርብላቸው የመቀየሪያ ክፍያውን ይተዋሉ፤ ልዩነቱን ግን አብዛኛውን ጊዜ አይተውም። ጠያቂ ካልኖረ ሁለቱም አይገኙም።

አገር ቤት መግባት የማይችሉ ወገኖቻችንንም አንርሳ። እነሱ ከእናታቸው ጋር የሚገናኙት ናይሮቢ ወይም ዱባይ ላይ ነው። የዚያ ጉዞ ቀን ሲለወጥ ሁለት ቲኬት ይለወጣል፤ የልጁ ከዚህ፣ የእናቱ ከዚያ። እናት ቪዛ ዘግይቶባቸው ቢቀሩ የልጁም ቀን ይፈርሳል። ለነሱ ቀኑ የሚለወጥ ቲኬት ቅንጦት ሳይሆን ግዴታ ነው።

እናት ልትጠይቀን ስትመጣ

አራስ ለመጠየቅ የሚመጡ እናቶችስ? ልጃቸው ‹‹እማዬ፣ ክረምቱን እዚሁ ቆዪ›› ትላለች፤ የመመለሻውም ቀን ይገፋል። እዚህ ላይ ከልዩነቱ የሚብስ ነገር አለ። በጎብኚ ቪዛ የገባ ሰው የሚቆይበትን ቀን የሚወስነው አይ-94 የሚባለው መዝገብ ነው፤ ብዙ ጊዜ እስከ ስድስት ወር ይሰጣል። የቲኬቱን ቀን አየር መንገዱ ቢለውጠውም የአይ-94ን ቀን አይለውጠውም። መቆየት ካስፈለገ ቀኑ ሳያልፍ ለኢሚግሬሽን ማመልከት ግድ ነው። ቀኑን ያሳለፈች እናት ሁለተኛ ቪዛ ስትጠይቅ ልትከለከል ትችላለች።

በተቃራኒው፣ ግሪን ካርድ ይዘን አገር ቤት የምንቆይም ልክ አለን። ከስድስት ወር በላይ መቅረት የዜግነት ማመልከቻችን ላይ ጥያቄ ያስነሳል፤ ከአንድ ዓመት በላይ ያለ መመለሻ ፈቃድ መቅረት ግሪን ካርዱን ራሱን አደጋ ላይ ይጥላል። ወደ ኢትዮጵያ በቪዛ የገባም የቪዛውን ማብቂያ ይመልከት። ልዩነቱን ከመክፈል በፊት እነዚህን ቀኖች ማየት ይቅደም።

ወኪሉና ወረቀቱ

በከተማችን ያሉ የራሳችን ሰዎች የከፈቷቸው የጉዞ ወኪሎች ብዙ ጊዜ ይጠቅሙናል፤ ቋንቋውን ያውቃሉ፣ ችግራችንን ያውቃሉ፣ አንዳንዴም በዱቤ ይሸጡልናል። ይሁንና ከጅምላ አከፋፋይ የሚመጣ ቲኬት አለ። በዚህ ዓይነቱ ቲኬት ላይ ዋጋው በቁጥር ሳይሆን ‹‹ቢቲ›› ወይም ‹‹አይቲ›› በሚሉ ሁለት ፊደላት ተሸፍኖ ሊጻፍ ይችላል። የተሸጠው በአየር መንገዱና በአከፋፋዩ መካከል በተደረገ ውል ነው፤ ደንቡም አየር መንገዱ በአደባባይ ካወጣው የተለየ ሊሆን ይችላል። አየር መንገዱ ‹‹ወደ ገዛህበት ሂድ›› የሚለው፣ ወኪሉም ‹‹አከፋፋዩን ልጠይቅ›› የሚለው ለዚህ ነው። ቅዳሜ ማታ ቀን ለመቀየር የሚቸኩል ሰው ሰኞን ለመጠበቅ ይገደዳል። ርካሽነቱ እውነት ነው፤ ግን ከመግዛታችን በፊት ‹‹ቀኑን የሚቀይርልኝ ማነው? በሌሊትስ ማን ይቀይርልኛል?›› ብለን እንጠይቅ።

ደንቡ ደግሞ ምሥጢር አይደለም። አየር መንገዶች በጋራ ባቋቋሙት፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ቨርጂኒያ ዳላስ ባለ ድርጅት በኩል በቁጥር በተለዩ ምድቦች ተሰናድቶ ይሠራጫል። ምድብ 16 ስለ ቅጣት፣ ምድብ 31 ደግሞ ተጓዡ በራሱ ፈቃድ ስለሚያደርገው ለውጥ ነው። ወኪሉ በማሽኑ ላይ ያየዋል። ‹‹ምድብ 16ንና 31ን አንብብልኝ›› ሲባል ከማን ጋር እንደሚነጋገር ያውቃል።

ሕጉ የሚሰጠን

የአሜሪካ ሕግ የዋጋ ልዩነትን አይከለክልም። የሚሰጠን ግን አለ።

አንደኛ፣ ከአየር መንገዱ በቀጥታ፣ ጉዞው ሰባት ቀንና ከዚያ በላይ ሲቀረው ለገዛ ሰው የ24 ሰዓት ጊዜ አለው። አየር መንገዱ ወይ ሳያስከፍል ዋጋውን ለ24 ሰዓት ይይዝለታል፣ ወይ በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት ሰርዞ ገንዘቡን በሙሉ ይመልስለታል። ወኪልን ይህ ደንብ አያስገድደውም። እንግዲህ ማታ ገዝቶ ጠዋት ሐሳቡን የለወጠ ሰው ልዩነት መክፈል የለበትም፤ ሰርዞ እንደገና መግዛት ይችላል።

ሁለተኛ፣ ቀኑን የለወጠው አየር መንገዱ ራሱ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። በ2024 በወጣው ሕግ መሠረት፣ በዓለም አቀፍ ጉዞ መነሻው ወይም መድረሻው በስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ከተዛወረ፣ ወይም በረራው ከተሰረዘ፣ አዲሱን ጉዞ ያልተቀበለ ተጓዥ ላልተጠቀመበት ቲኬት ገንዘቡ ይመለስለታል። ‹‹ክሬዲት ልስጥዎት›› ቢሉን መቀበል ግዴታችን አይደለም። ‹‹የበረራ ሰዓትዎ ተለውጧል›› የሚል መልእክት ሲመጣ ሳናነብ ‹‹እስማማለሁ›› የሚለውን አንጫን፤ ብዙ ጊዜ ያለ ልዩነት ሌላ ቀን ለመጠየቅ ጥሩው አጋጣሚ ይኸው ነው።

ሦስተኛ፣ በደል የደረሰበት ሰው ለአየር መንገዱ በጽሑፍ ያመልክት። አየር መንገዱ ማመልከቻው መድረሱን በ30 ቀን ውስጥ ማሳወቅ፣ በ60 ቀን ውስጥም መልስ መስጠት አለበት። ካልሆነ ለፌዴራሉ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት አቤት ይባላል። አቤቱታው ክፍያ የለውም።

ካርድ ከማውጣት በፊት

እነዚህን ጥያቄዎች ቆርጣችሁ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፏቸው።

1. የቲኬቴ ፊደል ምንድን ነው? የመሄጃውና የመመለሻው አንድ ነው ወይስ ይለያያል?

2. ለመቀየር የተወሰነ ክፍያ አለው? ከመነሳቴ በፊትና ከተነሳሁ በኋላ፣ እንዲሁም ሳልነግር ብቀር ስንት ነው?

3. ከስንት ቀን እስከ ስንት ወር መቆየት እችላለሁ?

4. አዲሱ ቀን ርካሽ ቢሆን የተረፈው ገንዘብ ለእኔ ይመለሳል፣ በክሬዲት ይያዝልኛል ወይስ ይቀራል?

5. ልዩነት ከተጠየቅሁ ስንቱ የወንበር ዋጋ፣ ስንቱ ቀረጥ፣ ስንቱ የአገልግሎት ክፍያ ነው? ለይታችሁ ጻፉልኝ።

6. በእኔ ክላስ ቦታ ያለባቸው ቀኖች የትኞቹ ናቸው?

በተጨማሪም ውዱ ‹‹ፍሌክስ›› ቲኬት ለማን እንደሚበጅ እናስብ። ሠርግ ውሎ በቀኑ ለሚመለስ ሰው አይጠቅመውም። በሽተኛ ወላጅ ለመጠየቅ ለሚሄድ ግን፣ ሲገዛ 150 ዶላር ጨምሮ ከፍ ያለውን ፊደል መያዝ፣ ኋላ ላይ 600 ከመክፈል ሊያድነው ይችላል፤ ከፍ ያለው ፊደል ቶሎ አይዘጋምና ልዩነቱ ይጠብባል። የጉዞ ኢንሹራንስም ቢሆን የቅርብ ቤተሰብ ሲታመም የመመለሻ ለውጥን የሚሸፍን አለ፤ አስቀድሞ የነበረ ሕመምን ይሸፍን እንደሆነ ግን ማንበብ ነው።

ብዙዎቻችን ወደዚህ አገር የመጣንበት ቲኬት መመለሻ አልነበረውም። በስደተኝነት የመጣ ሰው ያስታውሰዋል፤ ከመሳፈሩ በፊት የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ለቲኬቱ ያበደረውን ገንዘብ እከፍላለሁ ብሎ ይፈርማል፤ አትላንታ ገብቶ ስድስት ወር ሲሞላው በየወሩ ቆራርጦ መክፈል ይጀምራል። ወለድ የለውም፤ ዕዳ ግን ዕዳ ነው። ያኔ ቀኑን አልመረጥንም፤ ዋጋውንም አልጠየቅንም፤ ስማችን ሲጠራ ተሳፈርን። ዛሬ ቀኑን የምንመርጠው፣ ገንዘቡንም በሌሊት ፈረቃና በታክሲ መሪ ላይ ለፍተን የምንከፍለው እኛው ነን። ስለዚህ መጠየቅ ነውር አይደለም። ‹‹ጠያቂ አይሳሳትም›› ይላሉ አበው፤ ‹‹ቅጣት የለውም›› ሲሉን ‹‹ልዩነቱስ?›› እንበል።

ለመንገደኛው ሁሉ መልካም ጉዞ። ቸር ያገናኘን።